መሐመድ አሚን፦ የኮረምን መከራ ለዓለም ያደረሱት የቴሌቪዥን ዜና ዘጋቢ

በአፍሪካ የቴሌቪዥን ዜና ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዱ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ በዘለቀው የሥራ ዘመናቸው የአፍሪካን የነፃነት ማግሥት፣ የመንግሥት ግልበጣዎችን፣ ጦርነቶችንና የመሪዎችን መነሣትና መውደቅ በካሜራቸው መዝግበዋል። ከብዙዎቹ የአህጉሪቱ አገሮች ጋር በሥራ ቢተዋወቁም ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ትስስር የተለየ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በመቀሌ ያነሡት ምስል የዓለምን መንግሥታትና ሕዝቦች ለዕርዳታ አነሣሥቷል። በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ሳሉ ግራ እጃቸውን አጥተዋል። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በተነሣ አውሮፕላን ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አልፏል።

ይህ ጽሑፍ የእኚህን ባለሙያ ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ያቀርባል። በሌላ መልኩ ካልተገለጸ በስተቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ትውልድና ልጅነት

መሐመድ አሚን ነሐሴ 23 ቀን 1935 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ ኢስትሊ በተባለው ሠፈር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከፑንጃብ የመጡ ሙስሊሞች ሲሆኑ አባታቸው በምሥራቅ አፍሪካ የባቡር ድርጅት በግንበኝነት ያገለግሉ ነበር። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩትና በአነስተኛ ገቢ የሚተዳደር ነበር። በዚያን ጊዜ ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች የከተማው ነዋሪ የሚኖርበት ሠፈርና ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ነበር።

አባታቸው ለሥራ ወደ ታንጋኒካ በተዛወሩ ጊዜ ቤተሰቡ ኑሮውን በዳሬሰላም አደረገ። አሚን የመጀመሪያ ካሜራቸውን የገዙት በዚችው የወደብ ከተማ ገና በልጅነታቸው ነው። ካሜራዋ ያገለገለች ርካሽ ሣጥን መሰል ዕቃ ነበረች። በትምህርት ቤታቸው የፎቶግራፍ ክበብ አባል ሆነው ፊልም ማጠብንና ማተምን ተማሩ፤ በተማሪነት ዘመናቸውም የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድርን የመሰሉ ዝግጅቶችን እያነሡ ለጋዜጦች መሸጥ ጀመሩ። መደበኛ የጋዜጠኝነት ትምህርት አልተከታተሉም። ሙያውን የቀሰሙት በሥራ ላይ ነው።

በ1955 ዓ.ም. አካባቢ በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የተሰኘውን ድርጅታቸውን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት ብዙም ያልራቀ ነበር። ድርጅቱ በአነስተኛ ሱቅ የተጀመረ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በናይሮቢ አድርጎ የፎቶግራፍ፣ የቴሌቪዥን ዜናና የመጻሕፍት ዝግጅት ሥራዎችን በአንድነት የሚሠራ ተቋም ለመሆን በቅቷል።

የዛንዚባር አብዮትና የእስር ጊዜ

በጥር ወር 1956 ዓ.ም. በዛንዚባር ደሴት አብዮት ፈንድቶ የሱልጣኑ መንግሥት ተወገደ። አሚን ወደ ደሴቲቱ ከዘለቁት ጥቂት የዜና ሰዎች አንዱ ነበሩ። ያነሡት ፊልም በውጭ አገር ጣቢያዎች በመታየቱ ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪካ ውጭ ታወቀ። በዚያው ዓመት ታንጋኒካና ዛንዚባር ተዋሕደው ታንዛኒያ የተባለችው አገር ተመሠረተች።

ይህ ሥራ ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ1958 ዓ.ም. የደሴቲቱ የጸጥታ ሰዎች አሚንን ይዘው በዛንዚባር በሚገኝ እስር ቤት ለአራት ሳምንት ገደማ አሠሯቸው። በዚያም ድብደባና እንግልት ደርሶባቸዋል። ከእስር ሲለቀቁ ከታንዛኒያ እንዲወጡ ስለተደረገ ሥራቸውን ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ናይሮቢ አዛወሩ። በልጅነታቸው ካደጉባት ከተማ ተነጥለው ሥራቸውን እንደ አዲስ ለመጀመር የተገደዱት ገና በ23 ዓመታቸው ነበር።

የአፍሪካ ፖለቲካ ዘጋቢ

ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የኬንያ የኢኮኖሚ ዕቅድና ልማት ሚኒስትር የነበሩት ቶም ምቦያ በናይሮቢ መሐል ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ በጥይት ተመቱ። አሚን በደቂቃዎች ውስጥ ከስፍራው ደርሰው በሞትና በሕይወት መካከል የነበሩትን ሚኒስትር በአምቡላንስ እየተከተሉ ቀረጹ። ምቦያ በወቅቱ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታን ሊተኩ ይችላሉ ተብለው ከሚጠበቁት ወጣት መሪዎች ግንባር ቀደሙ ስለነበሩ ግድያው አገሪቱን ወደ ብርቱ የፖለቲካ ውጥረት ውስጥ ከትቷታል። አሚን በዚህ ዘገባቸው በእንግሊዝ አገር የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ተብለው ተሸልመዋል።

ጥር 17 ቀን 1963 ዓ.ም. ጄኔራል ኢዲ አሚን ዳዳ በኡጋንዳ መፈንቅለ መንግሥት ባደረጉ ጊዜም መሐመድ አሚን በቶሎ ወደ ካምፓላ ከደረሱት መካከል ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የእስያ ተወላጆች ከኡጋንዳ ሲባረሩ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ሲዋጉ በተከታታይ ዘግበዋል። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ብራያን ባሮን ጋር በመሆን ከሥልጣን ተወግደው በሳዑዲ ዓረቢያ በስደት ይኖሩ የነበሩትን ኢዲ አሚንን አፈላልገው በማግኘት በጂዳ ከተማ ቃለ መጠይቅ አድርገውላቸዋል። የቀድሞው መሪ የት እንዳሉ ለዓለም በግልጽ የታወቀው በዚህ ሥራ ነው።

በዚህ ዘመን አሚን ይሠሩ የነበረው በዋናነት ለቪስኒውስ ነበር። ቪስኒውስ መቀመጫውን በለንደን ያደረገ፣ የዜና ምስሎችን ለብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያከፋፍል ድርጅት ሲሆን ኋላ የሮይተርስ ቴሌቪዥን ክፍል ሆኗል። አንድ ካሜራ ያነሣው ፊልም ለንደን ሲደርስ በሳተላይት ለመቶዎች ጣቢያዎች ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያም በየቋንቋው ትረካ እያከለ ለተመልካቹ ያቀርበዋል። የአሚን ስም በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ ባይታይም ምስሉ በዓለም ዙሪያ የሚታየው በዚህ አሠራር ምክንያት ነበር።

ከዜናው ጎን ለጎን በርካታ መጻሕፍትን አሳትመዋል። በመካ ስለሚደረገው የሐጅ ጉዞ፣ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ስለሚኖሩ ሕዝቦች፣ ስለ ኬንያና ስለ ሌሎች አገሮች ያዘጋጇቸው ባለ ፎቶግራፍ መጻሕፍት ሰፊ አንባቢ አግኝተዋል።

ድርቅ፣ ረሃብና የተደበቀ መረጃ

የአሚንን የ1977 ዓ.ም. ሥራ በሚገባ ለመረዳት ከዚያ ዐሥር ዓመት በፊት የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረሃብ ደርሶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የወቅቱ ባለሥልጣናት ጉዳዩን ለማለባበስ ቢሞክሩም የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርቦ ዓለም አወቀው። ይኸው ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ በዋዜማው ነበር። በዚያ ረሃብ ምክንያትም የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች የዝናቡን፣ የሰብሉንና የገበያውን ሁኔታ ከየአውራጃው እየሰበሰቡ አደጋ ሲቃረብ አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ኃላፊነት ተሰጣቸው።

ኮሚሽኑ ይህን ኃላፊነቱን ተወጥቷል። በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ገልጾ ለለጋሽ አገሮች ጥሪ አቅርቦ ነበር። ሆኖም ጥሪው በቂ ምላሽ አላገኘም። አንዳንድ ለጋሾች አኃዙ ተጋንኗል የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው፤ የቀዝቃዛው ጦርነት መቃቃርም ዕርዳታውን አዘገየው። በአገር ውስጥ ደግሞ የመንግሥት ትኩረት በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ ላይ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሰንደቅ ዓላማና በመብራት አሸብርቃ እንግዶቿን ስትቀበል በሰሜን የሚገኘው ገበሬ ከብቱን ሽጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳና እየወጣ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን ለመጓዝ የሚያቀርቡት የፈቃድ ጥያቄም በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ መልስ አያገኝም ነበር። በሰሜኑ የሚካሄደው ጦርነትም እንቅስቃሴን አዳጋች አድርጎታል።

ወደ ኮረም የተደረገው ጉዞ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. አሚን መቀመጫቸውን በጆሃንስበርግ ካደረጉት የቢቢሲ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ማይክል በርክ እና ከቢቢሲ ሬዲዮው ዘጋቢ ማይክ ዉልድሪጅ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የጉዞ ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። አሚን በአዲስ አበባ ለዓመታት ያፈሩት ትውውቅና ተስፋ የማይቆርጠው ባሕርያቸው ግን መንገዱን ከፈተላቸው። ቡድኑ ወደ መቀሌና ወደ ኮረም አቀና።

ኮረም በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር ከዓላማጣ በላይ በከፍታ ስፍራ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። በዚያን ሰሞን በከተማዋ ዳርቻ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሠፍሮ ነበር። መጠለያው ለሁሉም ስለማይበቃ ብዙዎቹ ሌሊቱን የሚያሳልፉት በሜዳ ላይ፣ ነጠላና ጋቢ ተከናንበው ነበር። በየማለዳው በሌሊቱ ብርድ የሞቱ ሰዎች በጨርቅ ተጠቅልለው በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው እየተፈጸመም ይቀበራሉ። የድንበር የለሽ ሐኪሞችና የሕፃናት አድን ድርጅት ሠራተኞች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በእጃቸው ባለው ጥቂት መድኃኒትና ምግብ ሕይወት ለማትረፍ ይታገሉ ነበር። በመቀሌ ደግሞ ክሌር በርቺንገር የተባሉት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነርስ የምግብ እጥረት በመኖሩ ከብዙ መቶ ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ለመምረጥ ይገደዱ ነበር።

አሚን ካሜራቸውን የከፈቱት ንጋት ላይ ነው። ጉሙና የማገዶው ጢስ ሜዳውን ሸፍኖት፣ ሕዝቡ ከተኛበት ቀስ እያለ ሲነሣ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሲጠብቁ፣ ካህናት ሙታንን ሲሸኙ ረጋ ባለ አነሣሥ ቀረጹ። በአነሣሣቸው ሰዎቹን እንደ ብዛት ብቻ አላዩአቸውም። ከእያንዳንዱ ፊት ላይ ቆይታ እያደረጉ የሰውየውን ሐዘንና ክብር እንዲታይ አድርገዋል። ለብዙ ዓመታት ጦርነትና ግድያን የዘገቡት አሚን ይህ ጉዞ ከሁሉም ይበልጥ እንደለወጣቸው የሕይወት ታሪካቸውን ያዘጋጁ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

ምስሉ ያስከተለው ምላሽ

ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984) በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ቀን በአሜሪካ የኤንቢሲ ጣቢያ ቀረበ፤ በተከታዮቹ ቀናትም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስተላለፉት። ለወራት በጽሑፍ ሲቀርብ የነበረው የኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያ ያላገኘውን ምላሽ ጥቂት ደቂቃ የፈጀው ምስል በጥቂት ቀናት ውስጥ አገኘ።

የእንግሊዝ፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የሶቪየት ኅብረትና የሌሎች አገሮች የጭነት አውሮፕላኖች እህል ማመላለስ ጀመሩ። በፖለቲካ ጎራ የተከፋፈሉ መንግሥታት በአንድ የአየር ማረፊያ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ሠሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ዕርዳታውን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ ከፈተ። ዘገባውን የተመለከተው የአየርላንድ ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ታዋቂ ድምፃውያንን ሰብስቦ ለዕርዳታ የሚሆን ዘፈን አስቀረጸ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በቴሌቪዥን ለመቶ ሚሊዮኖች ተላለፈ። ከአዛውንት ጡረተኞች እስከ ትምህርት ቤት ልጆች ድረስ ገንዘብ ያላዋጣ የኅብረተሰብ ክፍል አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ምላሹ ለብዙዎች ዘግይቶ ነበር። በረሃቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሕይወቱን አጥቷል። ዕርዳታው ከገባ በኋላም በጦርነቱ ምክንያት ለሁሉም በእኩል አልደረሰም፤ በዚያን ጊዜ የተካሄደው የሠፈራ መርሐ ግብርም ቤተሰቦችን በመለያየቱና በችኮላ በመፈጸሙ ብርቱ ትችት አስነሥቷል። በሌላ በኩል የኮረም ምስል በውጭው ዓለም እየተደጋገመ በመታየቱ የኢትዮጵያ ስም ከረሃብ ጋር ተያይዞ ለረጅም ጊዜ ሲነሣ ኖሯል። ኢትዮጵያውያን በሄዱበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ማፈርና መቆጨታቸው የሚታወቅ ነው።

አሚን ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም። ከረሃቡ በኋላ ደጋግመው ወደ ኢትዮጵያ በመመላለስ የአገሪቱን መልክዓ ምድር፣ ጥንታዊ ቅርሶችና ባህሎች አንሥተዋል። ድርጅታቸው ካሜራፒክስ ለጎብኚዎች የሚያገለግል የኢትዮጵያ መምሪያ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሰላምታ የተሰኘውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። በረሃቡ ምስል ስሟ የተነሣው አገር ሌላ ገጽታዋም እንዲታወቅ በራሳቸው ካሜራ ሠርተዋል።

የአዲስ አበባው ፍንዳታ

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባን ሲቆጣጠር የደርግ መንግሥት አበቃ። አሚንና ባልደረቦቻቸው ይህን የመንግሥት ለውጥ ለመዘገብ በከተማዋ ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በከተማዋ የሚገኝ የጥይትና የፈንጂ መጋዘን ሌሊት ላይ መቃጠል ጀመረ። የከተማው ነዋሪ በድንጋጤ ከእንቅልፉ ሲነቃ ቡድኑ ወደ ስፍራው አመራ።

በቀረጻ ላይ እንዳሉ እጅግ ከባድ ፍንዳታ ተከተለ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። አሚን ግራ እጃቸው በጽኑ ተጎዳ። በአቅራቢያቸው የነበሩት ማይክል በርክ ከሞት ተረፉ። በዚያ አደጋ በርካታ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ሕይወታቸውንና ቤት ንብረታቸውን ማጣታቸው ይታወሳል። አሚን ወደ ናይሮቢ ተወስደው ሕክምና ቢደረግላቸውም እጃቸው መቆረጡ ግድ ሆነ።

ለአንድ የካሜራ ባለሙያ ከዚህ የከፋ ጉዳት አይኖርም። የዘመኑ የቴሌቪዥን ካሜራ ከባድ ነበር፤ በአንድ እጅ ተሸክሞ በሌላው ሌንሱን ማስተካከል ይጠይቃል። አሚን ግን በአሜሪካ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠሙ፤ ካሜራውን ከእጁ ጋር የሚያያይዝ መሣሪያም ተሠራላቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሥራቸው ተመልሰው እንደ ቀድሞው ከአገር አገር እየተዘዋወሩ መዘገባቸውን ቀጠሉ። የባልደረባቸው የጆን ማታይ ሞት ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የማይሽር ሐዘን እንደሆነባቸው በቅርብ የሚያውቋቸው ይናገራሉ።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. አሚን በአዲስ አበባ የነበራቸውን ሥራ ፈጽመው ከረጅም ጊዜ ባልደረባቸው ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ተሳፈሩ። ቦይንግ 767 የሆነው አውሮፕላን ከናይሮቢ በኋላ ወደ ብራዛቪል፣ ሌጎስና አቢጃን የሚቀጥል ነበር። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣቶች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ።

ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ የተሞላው ነዳጅ ለታቀደው ጉዞ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ። ጠላፊዎቹ ግን በበረራ መጽሔቱ ላይ አውሮፕላኑ ያለማቋረጥ ለረጅም ሰዓት መብረር እንደሚችል የሚገልጸውን መረጃ ይዘው አላመኑም። ካፒቴኑ የአፍሪካን የባሕር ጠረፍ ላለመራቅ እየሞከሩ ለአራት ሰዓት ገደማ በረሩ። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ አውሮፕላኑን በባሕር ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ። አውሮፕላኑ ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ውኃውን መትቶ ተሰባበረ። የአካባቢው ነዋሪዎችና የባሕር ዳርቻው እንግዶች በጀልባ ደርሰው ብዙዎችን አተረፉ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 175 ሰዎች መካከል 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። ከሟቾቹ መካከል የተወሰኑት የተሰጣቸውን የነፍስ አድን ሰደርያ አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በአየር በመሙላታቸው መውጣት እንዳልቻሉ ተገልጿል። መንገደኞች ሰደርያውን ከአውሮፕላኑ ከወጡ በኋላ ብቻ በአየር እንዲሞሉ በየበረራው የሚሰጠው መመሪያ ምን ያህል ሕይወት አድን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከአደጋው የተረፉ መንገደኞች እንደመሰከሩት አሚን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ከባልደረባቸው ከብራያን ቴትሊ ጋር በአንድነት ሞቱ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበር። ካፒቴን ልዑል አባተ በዚያ ቀን ላሳዩት ብቃትና ጽናት ዓለም አቀፍ ሽልማት ተበርክቶላቸዋል።

ትተውት ያለፉት ሥራ

አሚን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችንና እጅግ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ የዜና ፊልም ትተው አልፈዋል። ይህ ክምችት ከነፃነት ማግሥት ጀምሮ ያለውን የአፍሪካ ታሪክ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው። ካሜራፒክስን የተረከቡት ልጃቸው ሳሊም አሚን ክምችቱ እንዲጠበቅ ከማድረጋቸውም በላይ በአባታቸው ስም በተቋቋመው ፋውንዴሽን አማካይነት ወጣት አፍሪካውያን የቴሌቪዥን ባለሙያዎች በናይሮቢ እንዲሠለጥኑ አድርገዋል። አሚን በሙያው ሲጀምሩ የአፍሪካ ዜና በአብዛኛው ከውጭ በሚመጡ ሰዎች ይዘገብ ነበር። እርሳቸው አፍሪካዊ ባለሙያ በአገሩ ሆኖ ለዓለም መዘገብ እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል።

ከሕይወት ታሪካቸው የሚገኝ ትምህርት

የመሐመድ አሚን ታሪክ ለመንግሥት ተቋማትም ሆነ ለተገልጋዩ ኅብረተሰብ የሚያስተላልፈው መልእክት አለው። በ1976 ዓ.ም. አደጋውን ያወቁ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ነበሩ። ከየወረዳው የመጣውን መረጃ አጠናቅረው ለበላይ አካል አቅርበዋል። መረጃው በወቅቱ ለሕዝብ ቢገለጽና አፋጣኝ ውሳኔ ቢሰጥበት ኖሮ ከኮረም ሜዳ ላይ የተቀበሩት ብዙዎች በሕይወት በቆዩ ነበር። በመንግሥት ቢሮ ውስጥ የሚዘገይ ወይም የሚደበቅ መረጃ ጉዳቱ የሚያርፈው ከቢሮው እጅግ ርቆ በሚኖር ገበሬ ላይ መሆኑን ያ ዘመን በግልጽ አሳይቷል።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የፕሬስ ነፃነት የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን እንደሚያጠቃልል ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውና የመንግሥት አካላትም ይህን ጥያቄ የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሊኖራቸው እንደሚገባ ደንግጓል። ስለሆነም አገልግሎት ፈላጊ ዜጎች ስለ ራሳቸው ጉዳይም ሆነ ስለሚኖሩበት አካባቢ ሁኔታ መረጃ ሲፈልጉ ጥያቄያቸውን ለሚመለከተው ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ማቅረብ ይችላሉ። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብና የቀረበበት ቀን ተመዝግቦ ቢያዝ ክትትሉን ያቀላል።

በተመሳሳይ ሁኔታ የዝናብ መዘግየት፣ የሰብል መጥፋት፣ የከብት በሽታ፣ የጎርፍ ሥጋት ወይም ያልተለመደ የምግብ ዋጋ ጭማሪ ሲታይ ነዋሪዎች ሳይዘገዩ ለቀበሌያቸውና ለወረዳቸው ማሳወቃቸው ጠቃሚ ነው። ከቀበሌ የሚነሣው መረጃ በየደረጃው ሳይሸራረፍ ወደ ላይ የሚደርስ ከሆነ ውሳኔ ሰጪው አካል አደጋው ሳይከፋ እርምጃ መውሰድ ይችላል። መረጃውን ተቀብሎ በወቅቱ የማስተላለፍና ለነዋሪው ምላሽ የመስጠት ግዴታ ደግሞ በየደረጃው ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

መሐመድ አሚን ከኮረም የወሰዱት ምስል ብዙ ነፍስ አትርፏል። ምስሉን ለማግኘት የባዕድ አገር ካሜራ መምጣት ያስፈለገው ግን የአገሪቱ የራሷ የመረጃ መንገድ ስለተዘጋ ነበር። ያ መንገድ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ የዜጎችና የመንግሥት የጋራ ኃላፊነት ነው።